ያልጾመው ከፋፋይ

ፈለቀ ቢላዋ መያዝ የተማረው ዲላ ገበያ አጠገብ በነበረ አንድ ሉካንዳ ነው። ከጌዴኦ ገጠር ከወርቃ ሲመጣ ገና ጎረምሳ ነበር፤ ባለሉካንዳው ሥራውን አስተማረው፣ ክርስትና አስነሥቶም የክርስትና አባት ሆነው። ሰውየው ሞቶ ሉካንዳው ሲዘጋ ፈለቀ የቡና መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ቢላዋውን ግን አልጣለም። በየዓመቱ ለፋሲካ የሰፈሩን ቅርጫ የሚያርደውም የሚከፋፍለውም እሱ ነበር።

ከፋፋይነት በዚያ ሰፈር ቀላል ሹመት አይደለም። ጎረቤት አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ከፋፋዩ ሥጋውን በመደብ በመደብ ያስቀምጣል፤ ከጉበቱም ከሻኛውም ከአጥንቱም ለየመደቡ ያደርሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ቁልፍ ወይም አዝራር፣ ያገኘውን ምልክት ይሰጥና መደቦቹን ያላየ ሰው ዕጣ ይጥላል። ከፋፋዩ ዕጣ የለውም፤ መጨረሻ የቀረችው መደብ የእሱ ናት። እጁ ቢያዳላ የሚጎዳው ራሱን ነው። ማንም ያልጻፈው ሌላ ደንብም አለ፦ ከፋፋዩ ጿሚ መሆን አለበት።

ባለፈው ክረምት የፈለቀ እናት ወርቃ ላይ ሞቱ። ወንድሞቹ ከድሮም ፕሮቴስታንት ናቸው። የእምነት ባልንጀሮቻቸው ከሐዘኑ ቤት ሳይለዩ፣ በጌዴኦኛ እየዘመሩ፣ ውሃ እየቀዱና እንጨት እየፈለጡ ሰነበቱ። ፈለቀ ወደ ዲላ ቢመለስም ልቡ እዚያው ቀረ። መስከረም ላይ ወደ ወንድሞቹ እምነት ገባ። ሚስቱ ሙሉእመቤት፣ «አንተ እንደ ልብህ፤ እኔ እንደ ስሜ» ብላ በነበረችበት ጸናች።

ጎረቤት ሰማ። የሚያናግር ነገርም አልነበረም፤ ፋሲካ እስኪመጣ።

ሁዳዴ ሊፈታ ሲል፣ የትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬው በወይዘሮ የሺሃረግ ግቢ ታሰረ። ወይዘሮ የሺሃረግ ከፈለቀ ጋር በአጥር የሚዋሰኑ ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ የአስተማሪ ሚስት ሆነው ከሸዋ የመጡ፣ ባላቸውን ቀብረው እዚሁ የቀሩ ሴት። መሬቱ ላይ ከጓሯቸው የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል። የቅርጫው አባላት ሁሉ ጠዋት ዲያቆናት ያደሉትን ቄጠማ ግንባራቸው ላይ አስረዋል። የኖኅ ርግብ ውሃው መጉደሉን በለምለም ቅጠል እንዳበሰረች፣ ቄጠማውም የሞት ጎርፍ መጉደሉን ያበስራል። ባዶ ግንባር የነበረው ፈለቀ ብቻ ነው።

«ዘንድሮ ታዲዮስ ባርኮ ይረድ» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

«ደግ፤ እኔ ቀንዱን እይዛለሁ» አለ ፈለቀ። ይህን ጠብቆት ነበር።

ጋራዥ የሚሠራው ታዲዮስ በሬውን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በስመ አብ ብሎ አረደ። ፈለቀም ከሌላው ጋር አሜን አለ። ተገፎ ሲያልቅ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ሥጋው ተጠጋ። ይህኛው የራሱ ሥራ ነው፤ ይህንን ከሰጠ በዚያ ግቢ ውስጥ ምንም አይቀረውም።

«ፈለቀ፣ ዛሬ ቀምሰሃል?» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ ከተቀመጡበት ዱካ።

ሁሉም ዘወር አለ። ሲበላ ያየው ሰው አልነበረም፤ አልቀመስኩም ቢል ማንም አይከራከረውም።

«ጠዋት ዳቦ በሻይ በልቻለሁ።»

«እንግዲያ ቢላዋውን አስቀምጥ። የጠገበ ዓይን ሥጋ አያስተካክልም።»

«የሚያዳላውስ የራበው ዓይን ነው፣ እትዬ የሺ።»

ታዲዮስ ሳቀ። «እውነቱን ነው። እኔ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ያንን ሻኛ ሳየው እንባዬ ይመጣል። እኔን ከፋፋይ ካደረጋችሁኝ ለእናንተ የሚደርሳችሁ ቀንድና ጭራ ነው።»

«አንተ ሆዳም፣ ዝም በል» አሉት።

ፈለቀ ቢላዋውን ቅጠሉ ላይ አስቀመጠ፤ ግን አልሄደም።

«አብረውኝ የሚያመልኩትም ለቅርጫቸው ጠርተውኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በሬ አላቸው፤ ደህና ከፋፋይ ግን የላቸውም።»

«ታዲያ ማን ከለከለህ?»

«ፋሲካ ማለት ማለፍ ነው አይደል? በግብፅ መቅሠፍቱ በበጉ ደም የተቀባውን ደጃፍ እያየ ሲያልፍ፣ እስራኤል በጉን በየቤታቸው እንዲበሉ ታዘዋል። በጉን የማይጨርስ ትንሽ ቤተሰብስ? ዘመድህን ፈልግ አልተባለም። ከደጁ ቀጥሎ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይካፈል ነው የተባለው። ባለፈው እሑድ ይህ ሲሰበክ የታየኝ የእርስዎ አጥር ነው።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ግንባራቸው ላይ የላላውን ቄጠማ አጠበቁ።

«ይህንን የኛም ካህን ብለውታል። ከዚያ በግ በኋላ የመጣው እውነተኛው በግ፣ ነገ የሚነሣው ጌታ ነው ብለው ነው የተረጎሙልን።»

«የኛም እንዲሁ ነው ያሉት።»

«ያልጾመ ያከፋፍል ብለዋል?»

«እሱን እንኳ አላሉም።»

«ደንብ ደንብ ነው። ከአሁን ጀምረህ ሌሊት ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውሃ እንዳትቀምስ። በዚህ ከተስማማህ ቢላዋህን አንሣ።»

«እትዬ፣ ይሄ ደግሞ የትኛው ጾም ነው?» አለ ታዲዮስ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

ፈለቀ አሰበ። በአዲሱ እምነቱ መብል እንደማያጸድቅ ተምሯል። የጎረቤትን ቃል እንቢ በል ያለው ግን አልነበረም። «እሺ» ብሎ ቢላዋውን አነሣ።

ጭቅናውን አስተካክሎ ቆራረጠ፤ ጎድኑን ቆጥሮ አደረሰ፤ ከፍሪምባው ያነሰበትን መደብ ከታፋው ጨመረበት። ማንም ይሄ በዛ፣ ያ አነሰ አላለም። ዕጣው ተጥሎ ሁሉም ድርሻውን ካነሣ በኋላ፣ ጥግ የቀረችውን መደብ በቅጠል ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ማታ ሙሉእመቤት ነጠላዋን ለብሳ ከወይዘሮ የሺሃረግ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እንደ ልማዷ ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ጠረጴዛው ላይ ትታለት ነበር። ፈለቀ ሲሠራ ስለዋለ ጉሮሮው ደርቋል። ኩባያውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። እግዚአብሔር ስለ አንድ ኩባያ ሻይ እንደማይጠይቀው እርግጠኛ ነበር። እትዬ የሺም አያዩትም። ግን እሺ ብሏል። ፔርሙዙን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅሎ ጋደም አለ።

ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ የሰው ኮቴ መጣ። በሩ ከመከፈቱ በፊት የቆርቆሮው አጥር ተንኳኳ።

«ፈለቀ፣ ክርስቶስ ተነሥቷል። በል እንግዲህ ብላ።»

«በእርግጥ ተነሥቷል» አለ ፔርሙዙን እያወረደ።

«ለከርሞ ግን ከዓርብ ትጀምራለህ» አሉት ከአጥሩ ማዶ።

«እሱን ከርሞ እንነጋገራለን፣ እትዬ» አለና ሻዩን ቀዳ።