ሃምሳ አለቃ ወርቁ አልረከብም ያሉ ዕለት

እሑድ እሑድ ልጄ ሜሮንና ባሏ ቴዎድሮስ ሲግናል ሰፈር ካለው ቤቴ መጥተው ምሳ ይበላሉ። እሷ የማረሚያ ቤት ባልደረባ ናት፤ እሱ ፖሊስ ነው። ምሳው ሳያልቅ ጠብ ይጀምራሉ። ጠብ ስል እየተሳሳቁ ነው፤ የሚወራወሩት ነገር ግን ቀላል አይደለም። ባለፈው እሑድ ነገሩ የተነሣው ቴዎድሮስ እስረኛ ሊያስረክብ ሄዶ ግማሽ ቀን በር ላይ ስላቆሙት ነበር።

«በር ለመክፈትና ለመዝጋት ይሄ ሁሉ ኩራት!» አለ፣ አፉ እንደሞላ።

«እናንተ ምን አለባችሁ? ጥላችሁ ትሄዳላችሁ። አብሯቸው የሚውለውና የሚያድረው ማነው?» አለችው።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው እንድፈርድ ወደ እኔ ዞሩ። ሃያ ስምንት ዓመት ፖሊስ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሜሮን «አባዬ፣ የሃምሳ አለቃ ወርቁን ንገረው እስቲ» አለችኝ። እሷ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። እንዲያውም ማረሚያ ቤት ሥራ የገባሁት በዚያ ታሪክ ነው ትላለች። ነገርኩት። እንደ ሁልጊዜው ግን አንዳንዱን ነገር እየዘለልኩ ነው የነገርኩት። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሳሎኑ ጭር ሲል ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ፤ ተነሥቼ ደብተር ፈለግሁ።

ኮንስታብል ሆኜ ከአሰላ አዲስ አበባ ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመድ የለኝም፣ ከተማውን አላውቀውም፣ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ አፍር ነበር። ያን ጊዜ ያስጠጋኝ ሰው ሳጅን ፍቃዱ ነው። የጣቢያችን መርማሪ ነበር፤ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ከሁለት ክፍል ቤቱ አንዱን ለቀቀልኝ። ጣቢያ ውስጥ ሳጅን እለዋለሁ፣ ቤት ስንገባ ፍቄ። ታምሜ ስተኛ አጥሚት አፍልቶ ያጠጣኝ እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ሰውየው አውሬ እንዳይመስላችሁ ነው፤ አውሬ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለእኔ ቀላል በሆነ ነበር።

ነሐሴ ነበር። ሾላ ገበያ አካባቢ ጎሚስታ የሆነ ደረጀ የሚባል ሰው የመኪና ባትሪ ሰርቀሃል ተብሎ ጣቢያችን ተያዘ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ እጆቹ ጥቁር ግራሶ የጠገቡ። ይስረቅ አይስረቅ ዛሬም አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ፍቃዱ ወደ ምርመራ ክፍል ይዞት ገባ። እኔ ከክፍሉ ውጭ ያለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ እጽፍ ነበር። ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የወንበር፣ ቀጥሎ የዱላ፣ ከዚያ የሰው። ተነሣሁ። በሩን ሁለት ጊዜ ባንኳኳው ኖሮ ፍቃዱ ይሰማኝ ነበር፤ እወድሃለሁ የሚለኝ ሰው ነው። እኔ ግን የሄድኩት ወደ መስኮቱ ነው። መንገደኛ እንዳይሰማ ዘጋሁት። በሩ ሲከፈትና ደረጀ ጎኑን ይዞ ሲወጣ እጄ ገና መስኮቱ ላይ ነበር፤ አየኝ።

ለልጆቹ የምዘለው አንዱ ይኸ ነው።

በማግሥቱ ፍርድ ቤቱ ማረሚያ ቤት ሆኖ ቀጠሮውን እንዲጠብቅ አዘዘ። ካቴናውን አንዱን ጫፍ በእሱ ቀኝ እጅ፣ ሌላውን በእኔ ግራ እጅ አስሬ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ተቀመጥን። ፍቃዱ ነበር የሚነዳው። ሾላ ገበያ ስንደርስ ዝናቡ ጋብ ብሎ ሴቶቹ የበቆሎ እሸት ጥብሳቸውን እንደገና ማራገብ ጀምረዋል። ፍቃዱ አቁሞ ሦስት ገዛ፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለደረጀ በመስኮቱ አቀበለን። «እንካ አንተም ብላ» አለው፣ በቅንነት። ደረጀ በቆሎውን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠው ቀረ። ኩራት መሰለኝ፤ ተናደድኩበትም።

ማረሚያ ቤቱ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ተሠርቶበታል፣ ስሙንም አላነሣም። ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከውስጡ ብቅ እያሉ ጥግ ይዘው ያሳልፉናል። በሩ ላይ ፍቃዱ መምሪያ ስብሰባ እንዳለበት ነግሮኝ «አስረክበህ በታክሲ ውረድ» ብሎ ሄደ።

ግቢው ሁለት የብረት በር ነበረው። በሁለቱ መካከል አሥር እርምጃ የማይሞላ ባዶ ቦታ፣ በግንቡ ጥግ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በላዩ ትንሽ ቆርቆሮ። መሣሪያዬን ውጭ ለዘቡ አስረከብኩና ገባን። የኋላችን በር ተቆለፈ። የፊታችን የሚከፈተው ርክክቡ ሲያልቅ ነው። ርክክብ ካልተደረገ ደግሞ ያመጣው መኪና መጥቶ እስረኛውን እስኪመልስ ድረስ የኋላውም አይከፈትም። ሕጋቸው እንዲህ ነበር፤ እኔ ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

የርክክቡ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ወርቁ በውስጠኛው በር ትንሽ መዝጊያ አጎንብሰው ወጡ። ረጅም፣ መነጽራቸውን በየደቂቃው በመሐረብ የሚወለውሉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰው ነበሩ።

«ፍታው» አሉኝ።

ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፉ ፍቃዱ ጃኬት ውስጥ ነው። ከዘብ ቤቱ መስኮት የሚያዩን ሁለት ጠባቂዎች ሳቃቸውን ለቀቁት። «ፖሊስ ራሱን አስሮ መጣ!» አለ አንዱ። ሃምሳ አለቃ የነበራቸውን ቁልፍ ሁሉ አስመጥተው ሞከሩ፤ የእኛ ካቴና ሌላ ዓይነት ስለነበር አንዱም አልገባ አለ። ደሜ ፈላ። ጣቢያ ውስጥ ጠባቂዎቹን «ሰነፎች፣ ሌባ ይዘው የማያውቁ» እያልን ነበር የምናማቸው፤ አሁን እነሱ ፊት እንደ ተያዘ ሌባ ቆሜያለሁ።

ሃምሳ አለቃ የደረጀን ሸሚዝ ቁልፎች በገዛ እጃቸው ፈቱ። ቀኝ ጎኑ ጠቁሯል። በሁለት ጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ጮኸ።

«አልረከብም» አሉ።

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ እኮ ነው!» አልኩ።

«ትእዛዙ ሰውየውን ተቀበል ይላል። እንዲህ ሆኖ እንደመጣ ግን የት ላይ ተጽፏል? እዚህ ላይ ጻፍልኝ። ምን እንደደረሰበት፣ የት፣ በማን። ከዚያ ሐኪም አስመጣለታለሁ። አለዚያ ይዘኸው ተመለስ።»

«ይሄን ያህል ፖሊስን መናቅ ምንድነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ መናቅ አይደለም። አንድ ጊዜ ሳላይ ፈርሜያለሁ። 'በሙሉ ጤንነት ተረከብኩ' ብዬ። በሦስተኛው ቀን ሞተብኝ። ያመጡት ፖሊሶች ወረቀቱን አሳዩ፤ እኔ ሰባት ወር ታሰርኩ፣ እዚሁ በምጠብቀው ግቢ። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ልጅም ቢሆን አይቼ ነው የምፈርመው።»

ስልኩን በመስኮት አቀበሉኝ። ጣቢያ ስደውል ሳጅን ስብሰባ ላይ ነው። እንደገና ስደውል አልመጣም። ስድስት ሰዓት ገደማ አገኘሁት። «ወድቆ ነው በልና ፈርም፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ፤ ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እኔን አታዋርደኝም አይደል?» አለ። ቁልፉን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኝ ዘጋው። ወድቆ ነው የሚለውን ለሃምሳ አለቃ ስነግራቸው ወረቀቱን ከነብዕሩ አግዳሚው ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

ዝናቡ እንደገና መጣ። ሁለታችን ከቆርቆሮው ሥር ተጣበቅን። ከፊት የብረት በር፣ ከኋላ የብረት በር፣ ግራ እጄ ላይ ሰው። እስር ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መሽኛ ቤት እንኳ ለመሄድ ሁለታችን መነሣት፣ ዘብ መጥራት፣ መለመን ነበረብን።

ፍልሰታ ስለነበር ሃምሳ አለቃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፤ ለእኛ ግን ዳቦና ምስር ወጥ በአንድ ሳህን ላኩልን። ደረጀ ራበኝ አለ። ቀኝ እጁን ወደ ሳህኑ ሲዘረጋ የእኔም ግራ አብሮ ሄደ፤ ወደ አፉ ሲያነሣው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የተመታው ጎኑ እጁን ከዚያ በላይ አላስነሣው አለ። ሾላ ላይ በቆሎውን ያልበላው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ዳቦውን እየቆረስኩ አጎረስኩት። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል በላ።

«መስኮቱን የዘጋኸው አንተ ነህ» አለኝ፤ ጥያቄ አልነበረም።

ሌላ ቁራሽ አጎረስኩት።

«ጠዋት እዚህ አታስገቡኝ ብዬ ለምኜህ ነበር» አለ። «አሁን ደግሞ እለምንሃለሁ፤ እዚሁ ልቅር። ዛሬ ወደዚያ ክፍል ከመለሳችሁኝ አልተርፍም።»

አሥር ሰዓት ላይ የፒክአፑ ድምፅ መጣ። ፍቃዱ መሣሪያውን አልፈታም ስላለ ዘቡ አላስገባውም፤ በውጭው በር ቀዳዳ ነው የተነጋገሩት።

«እናንተ ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ!» ብሎ ጮኸ። «ቢላ የሚመዘዝብን እኛ! ጨለማ ውስጥ ሌባ የምናሳድድ እኛ! አንድ በር ጠባቂ እኔን ሊጠይቀኝ?»

ሃምሳ አለቃ እስኪጨርስ ጠበቁት። «ያልከው እውነት ነው» አሉት። «ያንን ሥራ እኔ አልችለውም። ሌባ ቤቴ ቢገባ የምጠራው አንተን ነው። ግን ይዘህ ከሰጠኸኝ በኋላ ሰውየው የእኔ ነው፤ ሕይወቱም ሞቱም በእኔ ስም ነው። ቁልፉን ስጠኝ፣ ልጅህ እጁ ላይ ደም አጥቷል።»

ፍቃዱ ቁልፉን በቀዳዳው ሰጠ። ካቴናው ሲፈታ እጄ ቀለለኝ፤ የቀረው ግን አልቀለለኝም። በውጭው በር ቀዳዳ የፍቃዱ ዓይን ያየኛል። «ና፣ ሁለታችሁም ውጡ፤ እንመለስ» አለ። አጥሚቱን አሰብኩ፣ የሰጠኝን ክፍል አሰብኩ። ደረጀ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል፤ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ውጭው በር አልሄደም። ወረቀቱን አነሣሁና ጻፍኩ። ትናንት በጣቢያችን ምርመራ ክፍል ውስጥ በዱላ ተመትቷል። የሳጅን ፍቃዱን ስም ጻፍኩ። የእኔንም ስም በአስረካቢ ቦታ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ለልጆቹ ስነግር እዚህ ላይ አቆማለሁ። ሜሮን ሁልጊዜ እዚህ ላይ እጄን ትይዘኛለች።

ሃምሳ አለቃ ግን አላቆሙም ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ጎበዝ ልጅ ነህ። አሁን ምስክር ያስፈልጋል። አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

«ፈረቃዬ አልነበረም» አልኩ። «ከሌሎች ነው የሰማሁት።»

ደረጀ እዚያው ነበር። ውሸታም ሊለኝ ይችል ነበር። አየኝ፤ ከዚያ በግራ እጁ ብቻ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። ለምን ዝም እንዳለ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ምናልባት ወረቀቱን እንዳልቀደው ፈርቶ ይሆናል። የውስጠኛው በር ተከፈተለትና ገባ።

ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ ሆስፒታል ወስደውት ተረፈ። እኔ በማግሥቱ ዕቃዬን የፍቃዱ በር ላይ ተከምሮ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲያ አላናገረኝም። ጓደኞቼ «ወህኒ ጠባቂው» እያሉ ስም አወጡልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወርኩ። የፍቃዱ ጉዳይ ግን የዓይን ምስክር ስለሌለ በማስጠንቀቂያ አለቀ። መርማሪነቱን ለዓመታት ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው በዚያ ክፍል እንዳለፈ አላውቅም፤ ማወቅም ፈርቼ አልጠየቅሁም።

ከወራት በኋላ ሌላ እስረኛ ይዤ ወደዚያው ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ጠባቂዎቹን ጠርተው «ያ የጻፈው ልጅ ይሄ ነው» አሏቸው። የሳቁብኝ ሁለቱ ሳይቀሩ ተነሥተው ሰላምታ ሰጡኝ። ሻይ መጣልኝ። እስረኛዬን ግን ሸሚዙን አስወልቀው ከአንገቱ እስከ ወገቡ አዩት፤ ለእኔ ብለው አንዲት ጠባሳ አልዘለሉም። ያንን ወደድኩላቸው። ሰርጌ ላይ መጥተዋል፣ ሜሮን ስትወለድም መጥተዋል። በመጨረሻ ሲታመሙ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ብዙ ቀን ዋልኩ፤ ልነግራቸው እየፈለግሁ ሳልነግራቸው ሞቱ።

ባለፈው እሑድ ቴዎድሮስ ታሪኩን ሰምቶ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ «እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምጽፍ አይመስለኝም» አለኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ውሸት አይችልም። ሜሮን በኩራት አየችኝ። ያ አስተያየቷ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ፖሊሶችን ስትነቅፍ እኔን ለብቻ እያወጣች ነው።

ሃምሳ አለቃ የጠየቁኝን የሚጠይቀኝ ሰው አሁን የለም። መልሱ ግን እነሆ፤ እዚያው ነበርኩ፤ መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህን ደብተር የፊታችን እሑድ ለሜሮን እሰጣታለሁ። ሰው ሲያስረክቧት ገልጣ ሳታይ የማትፈርም ልጅ ናት፤ አባቷንም ገልጣ ትየው።