ማጣሪያው ሳይታጠብ ጃኩዚው አይከፈትም

ዛሬ የጃኩዚውን ማጣሪያ ፈትቼ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረግኩት።

የምሠራው ቦሌ ሚካኤል፣ አንድ ስፓ ውስጥ ነው። ሴቱ ሁሉ ፀጉሩን ቅቤ እንደተቀባ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ማጣሪያው በቅቤና በፀጉር ተደፍኗል።

ሥራ አስኪያጁ፣ «ሙሽራዋ ደርሳለች፤ በረኪና ጨምሪበትና ክፈቺው» አሉኝ።

«እሺ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይግቡበት» አልኳቸው። (ከረባታቸውን ማስተካከል ጀመሩ።)

የሙሽራዋ እናት ጎንበስ ብለው ማጣሪያውን አሸተቱና፣ «እጠቢው ልጄ፤ ሠርጉ ነገ ነው፣ አንቸኩልም» አሉ።

የማጣሪያውን እጥፋቶች አንድ በአንድ በውሃ ጎማ አጠብኩ። አንድ ሰዓት ፈጀ። ማንም አልሞተም።

ሌላ ቀንም «ዝም ብለሽ ክፈቺው» ከተባልኩ ማጣሪያው የሚቀመጠው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

እናንተስ «ዝም ብላችሁ ሥሩ» ስትባሉ ጠረጴዛው ላይ ምን አስቀመጣችሁ?