የቀኝ ክንድ ግልበጣ

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የመታኝ የነቀዝ ሽታ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥጉ ላይ ተከራዬን አየኋት፤ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እማማ! እርስዎንም?» አለችኝ።

«እኔን ትተው ማንን ሊያስሩ ኖሯል?»

ሳቀች። ሳቋን ስሰማ እንዳልሰበሯት አወቅሁ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ሰቆጣ እኔ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ወደ ኒሯቅና ወደ ፃግብጂ ቆላ እየወረደች የወባ ትንኝ በብልቃጥ ይዛ ትመለሳለች። ጎረቤቱ «ቢምቢ ለቃሚዋ» ይላት ነበር። ያን ሰሞን ከተማው ታምሶ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ይጠየቃል። ፖሊሶች ቤቴን ፈተሹና ደብተሯን ወሰዱ።

ለጤና ሠራተኞች እንዲገባቸው ብላ በአማርኛ ጽፋው ኖሯል። «በቀኝ ክንድ ግልበጣ፦ ከኒሯቅ ዘጠኝ፣ ከፃግብጂ አራት» ይላል። ፖሊሶቹ የሚያውቁት ግልበጣ አንድ ነው፤ የመንግሥት። ክንዱን የታጠቀ ክንፍ አደረጉት፤ አሥራ ሦስቱን ትንኝ አሥራ ሦስት ሰው።

«በእንግሊዝኛ ብጽፈው ኖሮ ማንም አያነበውም ነበር» አለች።

«እኔም ልጠይቅሽ» አልኳት። «ግልበጣው የምን ነው? ቤቴን ያስበረበረውን ነገር ማወቅ ይገባኛል።»

ልጄ ከላከችልኝ ቆሎ እፍኝ ወሰደች። መሬቱን በመዳፏ ጠርጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፣ ባቄላ እያለች ደረደረች። ከሥሩ ሌላ ረድፍ፣ በዚያው ተራ።

«ትንኟ አንዱን የዘር ሐረግ ከእናቷ፣ አንዱን ከአባቷ ታገኛለች። ሐረጉ ግራና ቀኝ ክንድ አለው። እንቁላል ስታበጅ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይለዋወጣሉ፤ ስንዴ በስንዴ፣ ሱፍ በሱፍ።» ከዚያ የታችኛውን ረድፍ መሀል ሦስቱን ፍሬ ገልብጣ ሱፍ፣ ሽምብራ፣ ስንዴ አደረገቻቸው። «ይኸው ግልበጣ። እዚህ ላይ ስለማይገጥሙ አይለዋወጡም ይባላል። በውስጡ ያለው ጠባይ፣ ድርቅ መቻሉም ሆነ ቤት ገብቶ መንከሱ፣ አብሮ እንደታሰረ ይወረሳል።»

ተንበርክኬ አየሁት። «ሽምብራውሳ? አሁንም ከሽምብራው ጋር እንደተፋጠጠ ነው።»

ከቆሎው ቀና አለች። «እማማ፣ እኔ ሁለት ዓመት የፈጀሁበትን...» አለችና ሳቀች። «ነገሩ ከቆሎው ይወሳሰባል እንጂ እሱን ነው የማጠናው። ግልበጣው ጠርዝ ላይ መለዋወጥ እጅግ ብርቅ ነው። ወደ መሀሉ ግን አልፎ አልፎ ይለዋወጣሉ። ፈጽሞ የተዘጋ አይደለም።»

«ቆላ ላሉት ምን ይፈይድላቸዋል?»

«መድኃኒት የማይገድላት ትንኝ ጠባይዋን ለሌላዋ እንዴት እንደምታቀብል ካላወቅን፣ የምንረጨው ከንቱ ነው።»

ወባ የእህቴን ሁለት ልጆች ኒሯቅ ላይ በልቷል። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠሩኝ። መርማሪው የልጅ ልጄ የሚሆን ነው።

«እማማ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉና ቤትዎ ይግቡ።»

«ምን ይላል?»

«የነገሩንን ነው።»

«የነገርኳችሁ የለም። አምጣው ላንብበው።»

«ማንበብ ይችላሉ?»

«መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ። አፌን የፈታሁት በኽምጣና ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት ፊደል በፊደል ነው። አታጣድፈኝ።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «ተከራዬ ስለ ግልበጣ ስታወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ይላል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ሰምቻለሁ። ግን በዚህ ላይ ጣቴን ባሳርፍ ልጅቷ ዓመታት ትቀመጣለች።

«ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

«የምን ግልበጣ እንደሆነ አጉድለሃል። አንተ ያጎደልከውን በእኔ ጣት አትሸፍነውም። እስክሪብቶ ስጠኝ።»

«ካልፈረሙ አይወጡም።»

«መቼ አውጣኝ አልኩህ?»

እስክሪብቶውን ወረወረልኝ። «ስለ» እና «ግልበጣ» በሚሉት መሀል «ትንኝ» ብዬ ከተትኩና ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ቀደደው። ሌላ ጽፎ አመጣ፤ «ትንኝ» ብዬ ከተትኩ። ቀደደው። ሦስተኛውን ሲያመጣ እጁ ላቡን ወረቀቱ ላይ ትቶ ነበር።

«እማማ፣ ሰው አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ! ለዚያ አይደል የምጽፈው» አልኩና ከተትኩ።

ሦስተኛውን አልቀደደም።

ልጅቷ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተፈታች። እኔ ከእሷ በኋላ ወር ቆየሁ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ደብተሯን አልመለሱላትም፤ ብልቃጧን ይዛ ቆላ ወርዳ ከመጀመሪያው ጀመረች።

አሁን ቀበሌ ስሄድ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» እያሉ ወረቀት ይገፉልኛል። መነጽሬን አወጣለሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፣ ጸሐፊዋ ሰዓቷን ታያለች። እኔ ፊደል በፊደል ነው የማነበው። ይጠብቁ።