ያልተደረገው ስብሰባ

የብርጓል አበረ የተወለደችው ሉማሜ አጠገብ ነው። አባቷ የድንበር ጠብ በተነሳ ቁጥር ለሽምግልና የሚጠሩ ሰው ነበሩ። እሷም አብራቸው እየሄደች ትሰማና ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ትጨቀጭቃቸዋለች።

«አባባ፣ ሰውዬው የታረቀው ስለተካሰ ነው ወይስ ስለፈራ?»

«እንግዲህ ተማሪና አንቺው ንገሪን» ይሏታል።

ተማረች። ዶክትሬቷንም የሠራችው በዚያው ጥያቄ ላይ ነው፤ ፈርቶ የታረቀ ሰው ታርቋል ይባላል ወይ በሚለው። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ አንድ ኮሌጅ ገብታ ሃያ ሦስት ዓመት የሥነ ምግባርና የፖለቲካ ፍልስፍና አስተማረች።

ካቻምና ግንቦት ላይ ዲኑ አምደሚካኤል ቢሮው አስጠራት። የቀድሞ ተማሪዋ ነው። በዚያ ዓመት የኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ነበረች። ጠረጴዛው ላይ ስድስት አባላት የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ተቀምጧል። ሂዊ የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ኮሌጁ ምግብ አቤቱታ አዘጋጅታ ተማሪ በማስፈረሟ እንድትባረር ተወስኗል ይላል። የቀረው የሰብሳቢዋ ፊርማ ብቻ ነው።

«ይህ ስብሰባ መቼ ተደረገ?»

«መምህርት፣ እሱን ይተዉት። ከላይ እያስጨነቁኝ ነው።»

«ልጅቷንስ ማን ጠየቃት?»

አምደሚካኤል አቀረቀረ። የብርጓል እስኪርቢቶዋን ስታወጣ ግን ቀና ብሎ ተነፈሰ። እሷም ከስሟ ፊት ለፊት «ስብሰባው አልተደረገም፤ ተማሪዋም አልተሰማችም» ብላ ጽፋ ፈረመች።

«ምን አደረጉኝ መምህርት?» አለ ፊቱ ጠቁሮ።

«አንተን ምንም አላልኩህም። ያልሆነውን ሆነ አልልም ነው ያልኩት።»

በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሳት። ከማስተማር ተነስታ አሮጌ መጻሕፍት በሚከማቹበት ክፍል ተመደበች። አብረዋት ምሳ የሚበሉት መምህራን ሌላ ጠረጴዛ ያዙ። ከመካከላቸው የሺዋስ ብቻ መጥቶ «ለአንዲት ልጅ ብለሽ ይኼን ሁሉ?» አላት።

«ስንት ሲሆኑ ነው የሚበቃው?» አለችው። ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

በስድስቱ ፊርማ የተባረረችው ሂዊ ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚዎቹ ቃለ ጉባኤውን አስመጥተው የሰብሳቢዋን ጽሑፍ ሲያዩ ውሳኔውን ሻሩት። ልጅቷ ፈተናዋን ተፈተነች። የብርጓል ግን እዚያው መጻሕፍት ክፍል ቀረች።

መስከረም ላይ አምደሚካኤል ራሱ መጣ። «አጭር የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፉልኝና ወደ ክፍልዎ እመልስዎታለሁ» አላት።

«ጥፋቴን ንገረኝና ልጻፍ።»

 እሱም በሩን ዘግቶ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ሂዊና ሦስት ጓደኞቿ ወንበር ተሸክመው መጡና «ያስተምሩን» አሏት። አስተማረቻቸው። በሚቀጥለው ረቡዕ አስራ አንድ ሆኑ። ኅዳር ላይ ክፍሉ ስለጠበበ ከጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ወጡ፤ ከከተማው ሁለት ዲያቆናትና አንድ የባጃጅ ሹፌርም ተጨመሩ። ነጥብ የለው፣ የስም ጥሪ የለው፤ መጨቃጨቅ ብቻ ነው።

የዲኑ ቢሮ ያልተፈቀደ ስብሰባ ነው ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። የብርጓል የትኛው ደንብ እንደሚከለክለው እንዲገለጽላት በጽሑፍ ጠየቀች። መልሱ እስካሁን አልመጣም። ትምህርቱ ረቡዕ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል።