ውኃው ዳር የቆመው መነኩሴ

እናቴ የወለደችው ሁለት ልጅ ነው፤ የምታወራው ግን ስለ አንዱ ነው። እኔ ሌላው ነኝ። መኪናውን የነዳሁትም እኔ ነኝ።

እናቴን ወደሱ ስወስዳት ታላቅ ወንድሜ ከመነነ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ማለዳ አምባሰል ካለው ቤታችን “ሐይቅ ገበያ ደርሼ ልምጣ” ብሎ ወጣ፤ በዚያው ገዳም ገባ። ሲመነኩስ እንደ ደንቡ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ተደረሰለት፤ ለዓለም ሞቷል ማለት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ለቅሶ አልተቀመጠችም። “ልጄን ለእግዜር ሰጠሁ” እያለች በመንደሩ አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። እኔም በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ወርጄ ታክሲ መንዳት ጀመርኩ። የእኔን መውጣት ለጎረቤት የነገረች አይመስለኝም።

ዐይኗ መድከም ሲጀምር አዲስ አበባ አምጥቼ አሳከምኳት። ሐኪሙ የዐይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል፣ የቀራት ብርሃን ዓመት ቢቆይ ነው አለ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ አላለቀሰችም። ክንዴን ይዛ “ሳይጠፋ ፊቱን አሳየኝ” አለችኝ። የማንን ፊት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቀን ተነሣን። እስከ ሐይቅ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ወንድሜ በስምንት ወሩ እንደቆመ ነገረችኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ፊደልን በሁለት ሳምንት እንደጨረሰ ነገረችኝ። ከሚሴ ሙቀቱ ሲያነደን ደግሞ አንድም ቀን ቀና ብሎ መልሶላት እንደማያውቅ። ቀና ብሎ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ወገቤ ተቆርጧል። ደከመህ ወይ አላለችኝም፤ “ቀስ ብለህ ንዳ፤ ሳላየው እንዳትገድለኝ” ነው ያለችኝ።

እዚያው አድረን በማግሥቱ ሐይቅ ደረስን። ውኃው በቀኝ በኩል ሲያብለጨልጭ “ይኸው፣ እንቁም” ብላት “ባዶ እጄን?” ብላ ተቆጣች። የአዲስ አበባ በሶ ለሱ አይሆንም፤ ከራሳችን ማሳ ከበቀለ ገብስ መሆን አለበት። ስለዚህ ከተማውን አልፈን አምባሰል ወጣንና አክስቴ ዘንድ አደርን። እናቴ ገብሱን ራሷ ቆላች፤ መብሰሉን የምታውቀው በማሽተት ነበር። ተፈጭቶ ሲመጣ ከትሪው ላይ በጣቴ ላነሣ ስል እጄን መታችኝ። “ተው! የሱ ነው!” አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ገዳሙ ሄድን። መኪናው እስከቻለበት ሄደ፤ የቀረውን በእግር ደገፍኳት። ቦታው ድሮ ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር ይላሉ፤ አሁን በአንድ ወገን ከየብስ ተያይዟል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት ከደጁ አታልፍም። እናቴን ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ በሶውን ይዤ ገባሁ።

ወንድሜን ባየው አላወቅሁትም። ከስቷል፤ ጺሙ ደረቱ ደርሷል፤ ቢጫ ጋቢ ደርቧል። ወንድሜ ማለት ከበደኝና “አባ” አልኩት። “እናትህ ደጅ ተቀምጣለች። ዐይኗ ሊጠፋ ነው። ውጣና ትይህ።”

“እስክሞት ከገዳሙ ላልወጣ፣ ወደ ደጁም ላልቀርብ ቃል አለብኝ” አለ።

ጽድቅህ ከነቃልህ ገደል ይግባ ልለው ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ያለቅሳል።

“በጀልባ አምጣት” አለኝ። “ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ውኃው ዳር ወርጄ እቆማለሁ። በውኃ ላይ ሴትን የሚከለክል የለም። እስከቻላችሁት ድረስ ቅረቡ። እጄን አንሥቼ እባርካታለሁ፤ በዚያ ታውቀኛለች።”

እስከዚህ ድረስ ክፋት አልነበረብኝም። ለእናቴ እንዳለኝ ነገርኳት፤ እጁን እንደሚያነሣ ብቻ ሳልነግራት ቀረሁ፤ ረስቼው ነው። ወደ ከተማው ዳርቻ ተመልሰን ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ አገኘን። ነጂው ዕድሜውን በዓሣ ማጥመድ የፈጀ ሽማግሌ ነው። እናቴ ከመሳፈሯ በፊት በሐይቁ ውኃ ፊቷን ሦስት ጊዜ ታጠበች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ለሠርግ የምትሄድ ትመስል ነበር።

“አብሽሩ እማማ፣ ወላሂ ውኃው ዛሬ ረግቷል” አላት ሽማግሌው። ትንሽ እንደሄድን ጨዋታ አማረው። “ስንት ወለዱ?”

“አንድ” አለች። “እዚያ ነው። መነኩሴ ነው።”

ሽማግሌው በአገጩ ወደኔ አመለከተ። “ይሄስ?”

“ይሄማ አለ” አለች። “የት ይሄዳል?”

በክፋት አልተናገረችውም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ሰማዩ ደመና አለው እንደማለት ነበር የተናገረችው።

ጀልባዋ ጫፉን ዞረች። ወንድሜ ከዛፎቹ ሥር፣ ውኃው እግሩን እስኪነካው ድረስ ወርዶ ቆሟል። ሲያየን ቀኝ እጁን አነሣ።

እናቴ አንገቷን አስግጋ ዐይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። “ቢጫ ነገር ቆሟል። እሱ ነው?”

“አይደለም” አልኩ።

ከአፌ አምልጦኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። አላመለጠኝም፤ አስቤ ነው ያወጣሁት።

“እጁን ያነሣ መሰለኝ።”

“ተመለሱ እያለን ነው። ሴት አይቶ ተቆጥቶ።”

እናቴ ተሸማቀቀች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ጀልባዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ወደ ባሕሩ ዳር ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። “ይፍቱኝ አባ” አለች። “አላወቅሁም፤ ይፍቱኝ።” የወለደችውን ልጅ ነው ይፍቱኝ የምትለው።

ሽማግሌው ሞተሩን አቀዝቅዞ አየኝ። “ሰውዬው የሚያባርር አይመስልም” አለ።

“አዙር” አልኩት።

“አስተግፊሩላህ” አለና አዞረ።

ልጄ ይመጣል ስላለች ራቅ ብለን ጠበቅን። በየደቂቃው “መጣ?” ትለኛለች። “አልመጣም” እላለሁ። ወንድሜ እዚያው እንደቆመ ነው። እጁ ሲደክመው በሌላው እጁ ይደግፈው ነበር። በመጨረሻ እናቴ ራሷ “በቃ እንሂድ” አለች።

ከሐይቅ እስከ አዲስ አበባ ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዝምታዋ ጣፈጠኝ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ “ደከመህ ልጄ?” አለችኝ፤ እኔም ብርዱ ነው ብዬ ዐይኔን ጠረግሁ።

ዐይኗ ሐኪሙ ካለው ጊዜ ቀድሞ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የምትሄደው በእኔ ክንድ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ላገኘችው ሁሉ “ልጄ ይሄ ነው፤ ሌላ የለኝም” ትላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቅሁትን አገኘሁ፤ እንደ ማር ላስሁት። እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ነው፤ ደህና አድርጌ ነበር የምተኛው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን በር ላይ ፀሐይ እንሞቃለን። “ዐይኔ ሊጠፋ እንደሆነ እያወቀ አልወጣልኝም” አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። እጇን ወደ ደረቷ ስታስገባ ምን ልትል እንደሆነ ገባኝ። “ያጠባሁት ጡቴ ይፋ…”

እጇን ያዝኩት። ለወንድሜ አዝኜ አይደለም፤ ለራሴ ፈርቼ ነው። የእናት እርግማን ይደርሳል፤ ያላጠፋ ላይ ግን አያርፍም። ከሱ ሌላ ያላት ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ።

“አትርገሚው” አልኳት። “ወጥቶልሽ ነበር።”

ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ቢጫው እሱ ነበር?”

“አዎ።”

“እጁን ያነሣው ለኔ ነው?”

“ሊባርክሽ ነው።”

የማያይ ዐይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። “እንግዲያው አይቼዋለሁ” አለች፤ ያን ቀን ጀልባዋ ላይ ስትሳፈር የነበራት ፊት ተመለሰ። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጥፊውን፣ ስድቡን እጠብቃለሁ። አልመጣም። ሲያቅተኝ “እኔንስ? አትረግሚኝም?” አልኳት።

“አንተን?” አለች፤ መኖሬ ገና ትዝ ያላት ይመስል። “አንተ ነገ ከዘራ ግዛልኝ።”

“እኔ እየመራሁሽ ከዘራ ምን ያደርግልሻል?”

“ግዛልኝ ብያለሁ።”

በማግሥቱ ገዛሁላት። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ክንዴን አትይዝም፤ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ እከተላለሁ። ከፊትሽ ድንጋይ አለ ስላት ትቆምና በከዘራዋ ነካክታ ታረጋግጣለች።