መጋረጃ ያላት መርከብ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ቤት ስገባ የመርከቧ ሥዕል መጋረጃ ተገልጦ አየሁት። እኔ እዚሁ ነኝ፤ ታዲያ ለምን ተገለጠ? ነገሩ ከሥዕሏ አመጣጥ ካልተጀመረ አይገባም።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ነርሲንግ እማራለሁ፣ ከክላስ በኋላ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ የሰው መኪና ሲወጣ ሲገባ አያለሁ። ኧረ እንዴት ያበግነኝ ነበር! በልቤ ያለው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን፣ ሲዲኤል፣ አውጥቼ ትልቅ ትራክ መንዳት ብቻ ነው። እናቴ ደግሞ ነጩን ጋዋን እንጂ የትራክ ወሬ መስማት አትፈልግም።

በረዶው መቅለጥ በጀመረ ሰሞን፣ ከእኛ በታች የሚኖሩትን አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ሚስተር ዋልተርን፣ ልጃቸው ሌክውድ ከተማ ወዳለው ቤቱ ሊወስዳቸው መጣ። ዕቃ ሳግዛቸው ውዬ ልንሰነባበት ስንል አንድ ሥዕል አስታቀፉኝ፤ ሸራዋ በነፋስ የተወጠረ የንግድ መርከብ። ቅድመ አያታቸው ካፒቴኗ ነበሩ።

«ስንዴ ጭና ሄዳ ሱፍ ጭና ትመለስ ነበር» አሉኝ። «በእንፋሎት የሚሄዱት ሲመጡ ሥራ አጣች። ምሰሶዋን ቆርጠው ወደብ ላይ አሰሯት፤ የከሰል መጋዘን ሆነች።»

«አልሰጠመችም?»

«ምነው በሰጠመች!»

ፓርኪንጉ ትዝ አለኝ። የታሰርኩት እኔ መሰለኝ።

እናቴ ሥዕሏን ስታይ «የኖኅ መርከብ!» ብላ ተሳለመቻት። ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቅላ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወግ ነጭ መጋረጃ ሰፍታ ሸፈነቻት።

«እማዬ፣ የእህል መጫኛ እኮ ናት!»

«ታዲያ ኖኅስ እህል አልጫነም?»

ሳቄን ሳልጨርስ የደበቅኩትን አወጣሁት፤ «ክላሱን ድሮፕ አደረግኩ። ትራክ ልነዳ ነው።»

የጾም ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰሏን አላቆመችም። «ይሄ ልጅ ሊገድለኝ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ኩርፊያ ነው። የምሄድ ዕለት ጠዋት ግን መጋረጃውን ገለጠችው።

«እስክትመለስ አይዘጋም።»

ከዚያ ወዲህ ስወጣ ትገልጠዋለች፣ ስገባ ትዘጋዋለች። ዋዮሚንግ ላይ ነፋሱ ትራኩን ሲገፋብኝ፣ መጋረጃው ክፍት መሆኑን አስቤ ስንቴ ተጽናናሁ።

ዘንድሮ ወገቤ እምቢ አለና ትራኩን ተውኩ። አሁን እዚሁ፣ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ ቢሮ ተቀምጬ ሌሎች ሾፌሮችን ጭነት እየመደብኩ ዲስፓች አደርጋለሁ። መጋረጃውም ተዘግቶ ከርሞ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ገብቻለሁ። ረስተሽው ነው?» አልኳት።

ያላወለቅኩትን ጃኬት አየች፣ በእጄ የማሽከረክረውን ቁልፍ አየች።

«አንተማ ገብተሃል። ልብህ እስኪገባ ነው የምጠብቀው።»

ልዘጋው ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። እውነቷን ነው።