ያበጠው ሆዴና የእናቴ እግር

መጀመሪያ የተሰማኝ ከቀኝ ጎኔ በታች የሚከብደኝ ነገር ነው። ቀጥሎ ሆዴ ያብጥ ጀመር። ባሌ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበርና ሰው ምን እንደሚያስብ አላጣሁትም። የጁቤ ገበያ ላይ ሴቶቹ ፊቴን ትተው ሆዴን ሰላም ይሉት ነበር። መቀነቴን አጥብቄ እታጠቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሳም ተውኩ። ሳላጠፋ አፈርኩ።

እናቴ እንኳ አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ማነው?» አለችኝ። አለቀስኩ። ዓይኔ ቢጫ ሲሆን ግን ደንግጣ በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው።

ሐኪሙ ሆዴን ዳሰሰ። «እርግዝና አይደለም። ከጉበትሽ ደም የሚወጣባቸውን ሥሮች የረጋ ደም የዘጋቸው ይመስለኛል፤ ካልታከመ ይገድላል» አለኝ። ልሞት እንደምችል እየሰማሁ፣ ከሐሜቱ ስለነጻሁ ደስ አለኝ።

ወደ እናቴ ዞረ። «ከዘመድ እግሩ ያበጠ፣ ደም የረጋበት አለ? በዘር ከሆነ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዛሬውኑ እጀምርላታለሁ። ካልሆነ ግን ደም እንዳይፈሳት እፈራለሁ።»

«ኧረ የለም! ዘራችን ንጹሕ ነው» አለች።

ለምን እንዲህ እንዳለች ገባኝ። ታናሽ እህቴን የሉማሜ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀው፣ ሽማግሌዎቹ ዘር እየቆጠሩ ነበር። በሽታ አለባቸው ከተባለ ጋብቻው ይቀራል።

«እንግዲያ መድኃኒቱ ይቆይ» አለ ሐኪሙ። ሆዴ ተወጠረ። ትንፋሽ አጠረኝ። እናቴ አየችኝ።

ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ገለጠች። አንድ እግሯ አብጦ ጠቁሯል። እኛን «ምች ነው» እያለች ሸፍናው የኖረችው እግር ነው።

«ይኸውልዎ ዶክተር። እህቴም አራስ ሳለች እንዲህ አብጣ ነው የሞተችብኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በዚያው ቀን ደም የሚያቀጥነውን ሄፓሪን በመርፌ ጀመሩልኝ፤ ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ቀዱልኝ፤ ኋላም አዲስ አበባ ልከውኝ የተዘጋው ሥር በራጅ ታየና ዋርፋሪን የሚባለውን ኪኒን እየዋጥኩ፣ ቀስ በቀስ እህል እየቀመስኩ፣ በእግሬ ገበያ እስከመውጣት ደረስኩ።

የሉማሜ ሰዎች ወሬው ደርሷቸው ቀሩ። እህቴ ብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ፤ እኔም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሌላ አግብታ ስታረግዝ ግን ራሷ ሄዳ የዘራችንን ነገር ለሐኪም ነገረች፤ በደህና ተገላገለች።

ሐኪሞቼን እግዜር ይስጥልኝ። እናንተም ማን ምን እንደታመመ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ፣ ለሐኪም ተናገሩ፣ ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ያን ቀን ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ፣ አፍሬባት አንገቴን ደፍቼ ነበር። ያበጠው ሆዴ አሁን አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንዴ እንኳ «አተረፍሽኝ» አለማለቴ ነው።